መቶ አሥር ሜትር ሽቦ

ማክሰኞ፣ በ3

የወሩን ስም አልጽፍም፤ ወሩ ራሱን ያውቃል። ዛሬ ከመብራት መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣልን። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። ባጭሩ፦ የዚህ ቤት የኤሌክትሪክ ሽቦ ዕድሜው አልፎበታል፤ በአርባ አምስት ቀን ውስጥ በሙሉ ተቀይሮ፣ በተቆጣጣሪ ታይቶ ካላለፈ ቆጣሪው ተነቅሎ ይወሰዳል፤ እስከዚያው መስመሩ ይቋረጣል። ደብዳቤውን ያመጣው ሰው ሁለተኛውን አንቀጽ ሳልጨርስ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ቆረጠው። ሦስተኛውን አንቀጽ ደጅ ወጥቼ በፀሐይ አነበብኩ።

ሰበቡ ያለፈው ሳምንት የኩሽናው ሶኬት መቃጠሉ ነው። ጢሱን አይቶ ለጠየቀኝ ሁሉ "ሽቦው አርጅቶ ነው" ብያለሁ። የሻይ ማፍያው ጠብታ ውሃ ሳይኖረው ከጠዋት እስከ ቀትር ተሰክቶ መዋሉ ለታሪክ የማይጠቅም ዝርዝር ነው። እኔ ሥራ ነበርኩ። ቤት የዋለው አባዬ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሽቦው ነው።

ረቡዕ፣ በ4

ወንድሜ መጣ። ጋሼ የምለው በሦስት ዓመት ስለሚበልጠኝ ነው፤ በሌላ በምንም አይደለም። ደጃፉ ላይ ቆሞ አየሩን ሳብ ሳብ አደረገ። የተቃጠለውን የሚያሸት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዋጋ እያሸተተ ነው። ለቤቱ ገዢ አለው። "ገዢ አለኝ" ሲል እጮኛ አለኝ የሚል ጎረምሳ ይመስላል። እሱ የሚኖረው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ለአባዬ የሚሆን ባዶ ክፍል አለ። ይሄ ቤት ግን፣ ይላል፣ አንድ ቀን አባዬን ይዞ ይነዳል።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተነታረክን። በመጨረሻ እንደ ሁለት መንግሥታት ውል ገባን። በአርባ አምስቱ ቀን ቤቱ ተሠርቶ ተቆጣጣሪው ካሳለፈው አባዬ ከቤቱ አይነቃነቅም፤ ጋሼም ዳግመኛ የሽያጭ ነገር አያነሳም። ካላለፈ አባዬን ይወስደዋል፤ ቤቱም ይሸጣል። አባዬ በመካከላችን ተቀምጦ የሌላ አገር ዜና እንደሚሰማ ሰው ያዳምጠን ነበር። ስንጨርስ፣ "ማነው የሚሄደው?" አለ። ሁለታችንም እኩል "ማንም" አልን።

ጋሼ ሲወጣ በር ላይ ከሲስተር ጋር ሲያወራ ሰማሁት። ሲስተር ጎረቤታችን ናት። ጡረታ የወጣችው ከሆስፒታሉ እንጂ ከነርስነቱ አይደለም፤ እኔ ሥራ ስውል አባዬን ወጣ ገባ እያለች የምታይልኝ እሷ ናት። "ችግሩ ሽቦው ብቻ መሰለህ?" አለችው። የውሃ ቧንቧውን ማለቷ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ በ7

የበጀት ቀን። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ቀን በመጋረጃ ቤቱ መኪና የሰው መስኮት አለብሳለሁ፤ ማታ ደግሞ በራሴ የኤሌክትሪክ መኪና ትርፍ ሥራ እሠራለሁ። እሠራ ነበር ልበል። ዛሬ መኪናዬን ሸጥኳት። መብራት ለማስገባት የመብራት መኪና መሸጥ ጫማ ለመግዛት እግር እንደመሸጥ ነው፤ ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

የእማዬን የእግር መኪና ከጓዳ አውጥቼ ዘይት አጠጣኋት። ስረግጣት ታቃስታለች። አባዬ ድምፅዋን ሰምቶ ከክፍሉ ወጣና፣ "መጣች?" አለኝ።

"ማን?"

"እናትሽ።"

እማዬ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባዬ ሰዓት አክባሪ ሰው ነው፤ የሞተ ሰው እንኳ አረፈደ ብሎ ይጠብቃል።

ማክሰኞ፣ በ10

ኤሌክትሪሺያን ተገኘ። ሌሎቹ በጠየቁት ግማሽ ዋጋ ይሠራል፤ በግማሽ ፍጥነትም። መቼ ትጀምራለህ? "እንደርስበታለን።" ጣሪያው ይነካል? "እንደርስበታለን።" ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ ደብተር ውስጥ "እንደርስበታለን" ይባላል። ጠጉሩ ሸብቷል፣ መሰላሉ ከሱ ይሸመግላል።

አንድ ማብሪያ ፈትቶ ሽቦውን አሳየኝ። ልባሱ በጣቱ ሲነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። "እህቴ፣ እስከ ዛሬ ያኖራችሁ መላእክት ናቸው፤ እነሱም ሳይደክማቸው አልቀረም" አለ። አባዬ ከኋላችን፣ "የኔ እጅ ሥራ ነው" አለው። እውነቱን ነው። አባዬ ዕድሜውን በክር ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ይሄን ቤት እኔ ከመወለዴ በፊት ባለው ዓመት ከቆጣሪው እስከ መጨረሻው አምፖል ብቻውን ነው የዘረጋው። እንደርስበታለን ከመሰላሉ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ። "አባቴ፣ ሥራዎስ ደህና ነው፤ የተበላሸው ዘመኑ ነው" አለው።

ይሄን ሰው አልለቀውም።

ሐሙስ፣ በ12

ጨለማ ይለመዳል። ለሦስት ቀን ይደናቀፉበታል፤ በአራተኛው ቀን ከሱ ጋር መኖር ይጀመራል። ቤቱ ሲመሽ ይሰፋል። ቀን ስድስት እርምጃ የሆነው ኮሪደር ማታ መጨረሻ የለውም። ከመንገዱ ማዶ ያለው የመድኃኒት ቤት መብራት በመስኮቱ ይገባና ጣሪያው ላይ እንደ ሐይቅ ይተኛል፤ መኪና ሲያልፍ ሐይቁ ይንቀሳቀሳል። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ የሰው መጋረጃ እዘመዝማለሁ፤ ዓሣ የምሰፋ ይመስለኛል።

ሻማ እኔና አባዬን በአንድ ክፍል ሰብስቦናል። ግን ሻማ የሚያስፈልገው ለኔ ነው። አባዬ ሲፈልግ ተነስቶ በድቅድቁ ውስጥ ወደ ኩሽና ይሄዳል፣ ብርጭቆ ያወጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፤ አንድ ነገር አይነካም። እጁ ከፊቱ ይሄዳል፣ እሱ ይከተለዋል። ቀን የጥርስ ብሩሹ የት እንዳለ የሚጠፋው ሰው ማታ የሚጠፋው ነገር የለም። አንዳንዴ ጨለማው እሱን ወጣት የሚያደርግ፣ እኔን ደግሞ ሕፃን የሚያደርግ ይመስለኛል። ደጋግሜ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ አምስተኛ ፎቅ ላይ ይሄ እጅ ምን ይሠራል?

እሑድ፣ በ15

ታላቅ ቀን። እንደርስበታለን እንዳለው፣ አሮጌዎቹ ቱቦዎች በግድግዳው ውስጥ በየት በየት እንደሚያልፉ ከታወቀ አዲሱን ሽቦ በነሱ ውስጥ መሳብ ይቻላል፤ ግድግዳ አይፈርስ፣ ሽቦ አይባክን። ካልታወቀ ግን በግድግዳው ላይ፣ ውጭ ውጭውን ነው፤ ረጅም ነው። የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

መጋረጃ የምቀድበትን ትልቁን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለአባዬ እርሳስ ሰጠሁት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳለ። አንድ ጊዜ አልሰረዘም። ክፍል፣ በር፣ ማብሪያ፣ ሶኬት፣ ቱቦው የሚታጠፍበት ክርን ሁሉ። ደረጃ እንኳ አለው፤ ደረጃው ሥር አንዲት ትንሽ አምፖል። ለሲስተር አሳየኋት። "እንዲህ ያለ አእምሮ ያለውን ሰው ነው ሐኪም ይየው የምትዪው?" አልኳት። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችና፣ "እጁ ያምራል" አለች። የቅናት ነገር።

ማክሰኞ፣ በ17

እንደርስበታለን በካርታው ላይ በክር ለካ። መቶ አሥር ሜትር። የመኪናዬን ነፍስ ከፍዬ መቶ አሥር ሜትር ሽቦ ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲያ ኪሴ ውስጥ የቀረው ኪሱ ነው። ጥቅሉን ተሸክመን ስንገባ አባዬ እንደ ሙሽራ ተቀበለው።

አርብ፣ በ20

ቸኩያለሁ። አራት ቀዳዳ ተቦረቦረ፣ ካርታው ባሳየበት ቦታ። ቱቦ የለም። ጡብ ብቻ። አምስተኛው ቀዳዳ፣ የለም።

እንደርስበታለን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ "እህቴ፣ ይሄ ቤት ደረጃ አለው?" አለኝ።

የለውም። ምድር ቤት ብቻ ነው። ሁልጊዜም ምድር ቤት ብቻ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬ ያየሁት እኔ ነኝ።

አባዬን አልጠየቅሁትም። ሥዕል ማሳመሪያ ይሆናል። ሰዓሊዎች እንዲህ ያደርጋሉ።

እሑድ፣ በ22

ጋሼ መጣ፣ ቀዳዳዎቹን ቆጠረ። የሱ ቆጠራ ከሌላ ሰው ንግግር ይረዝማል። ወረቀቱን ልደብቅ ስል ከእጄ ወሰደው። ሲስቅብኝ ልክ ልኩን ልነግረው አፌን አሹዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ተቀመጠ።

"ይሄ እኮ የእማዬ አባት ቤት ነው" አለ።

እኔ አላስታውሰውም፤ ነፍስ ሳላውቅ ነው የፈረሰው። ጋሼ ልጅ ሳለ ገብቶበታል። አባዬ ወጣት ሠራተኛ ሆኖ መብራት ሊዘረጋ የገባበት ቤት ነው፤ እማዬን ያገኘው እዚያ ነው። ደረጃው ሥር ያለችው ትንሽ አምፖል በውሉ አልነበረችም ይባላል፤ የቤቱ ልጅ እዚያ ተቀምጣ ታነብ ስለነበር አባዬ በራሱ ሽቦ ጨመረላት። ጋሼ ይሄን ሲያወራ ድምፁ የሻጭ አልነበረም። ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀምጠን በሌለ ቤት ውስጥ በጣታችን ተዟዟርን፤ ከሳሎኑ ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ አምፖሏ። አንድም ስህተት የለውም አለ።

ሲወጣ ወደ ራሱ ተመለሰ። "ውሉ ውል ነው" አለኝ።

ረቡዕ፣ በ25

በውጭ በኩል ሲለካ ቤቱ መቶ ሠላሳ ስድስት ሜትር ይፈልጋል። ያለኝ መቶ አሥር ነው። እንደርስበታለን ሃያ ስድስት ሜትሩን "እንደርስበታለን" ማለት አልደፈረም።

ግን ሰፊ መሆን ምን ያደርጋል? ጨርቅ ሲያጥር ሰፊ አያለቅስም፤ ቅዱን ያዞራል። ዛሬ ምሳ ሰዓት በመጋረጃ ቤቱ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ቤቱን እንደ ቀሚስ ዘርግቼ ቀደድኩት። የመኝታ ቤቶቹ፣ የመታጠቢያ ቤቱና የኮሪደሩ ማብሪያዎች አሁን አራት አቅጣጫ ተበትነዋል፤ አንዱ ከበሩ ግራ፣ አንዱ ከቁም ሣጥኑ ኋላ። ሁሉም ከበሩ ቀኝ፣ በአንድ መስመር ቢሰለፉ ሽቦው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስንት ይፈጃል? መቶ ስምንት ሜትር! ሁለት ሜትር ይተርፈናል።

ለእንደርስበታለን ሳሳየው ጭንቅላቱን አከከ። "ለአባትየው አይከብድም?" አለ። ምን ይከብዳል? ማብሪያ ማብሪያ ነው። እንዲያውም የአሮጌዎቹን ማብሪያዎች ቀዳዳ በልስን ድፈናቸው፣ ምልክታቸው እንዳይታይ አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ብልህ ቅድ ቀድጄ አላውቅም።

ሰኞ፣ በ30

ዝናብ። ኩሽናው ያፈሳል። እንደርስበታለን መሰላሉን ትቶ ሄደ፤ ራሱ አልመጣም። አሥራ ስምንት ቀን ቀረ።

ሐሙስ፣ በ3

አዲሱ ወር ገባ፤ እሱም ስሙን ያውቃል። እንደርስበታለን ዛሬ ከአባዬ ጋር ነው የሠራው። ወንበር አምጥቶለት፣ የሽቦ ጫፍ ሰጠው። አባዬ ቢላዋውን ይዞ ልባሱን በአንድ ዙር ገፈፈ፣ መዳቡን ጠመዘዘ፣ አስረከበ። ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ። ቀኑን ሙሉ አንድ መዳብ አልቆረጠም። እንደርስበታለን፣ "አባቴ፣ ቀጥሬዎታለሁ" ሲለው፣ "ፋብሪካው አይለቀኝም" አለው፤ ከልቡ።

ማታ የሽቦ ሕልም አየሁ። ግድግዳዎቹ መስተዋት ሆነው የድሮው ሽቦ በውስጣቸው እንደ ሥር ይታያል፤ ሥሩ ይጠጣል፣ ይወፍራል፣ ጣሪያውን አልፎ ይወጣል። ጫፉ ላይ አምፖሎች አፍርቷል። አባዬ ከዛፉ ሥር ቆሞ አንድ አምፖል ይቀጥፍና ያሸታል፣ "ገና አልበሰለም" ብሎ ይመልሰዋል። ስነቃ ዝናቡ ቆሟል፤ ቤቱ ውስጥ የልስን ሽታ ብቻ ነበር።

ረቡዕ፣ በ9

ሩጫ። ኩሽና አለቀ። ሳሎን አለቀ። ኮሪደሩ ነገ። የመሬት መስመር የሚባለው ብረት ጓሮ ተቀበረ። እጄ ልስን፣ ጠጉሬ ልስን፣ የመጋረጃ ቤቱ ባለቤት ነጭ መጋረጃ ላይ አቧራ አገኘ፤ አዲስ ፋሽን ነው አልኩት። አባዬ ሦስት ጊዜ "የማን ቤት ነው የሚሠራው?" አለኝ። ቀልዱን ደጋገመው።

ረቡዕ፣ በ16

አለፈ!

ተቆጣጣሪው ቀጭን፣ ፊቱ እንደ ታሸገ ፖስታ የሆነ ሰው ነው። እያንዳንዱን ሶኬት በመለኪያው ነካ፣ ሣጥኑን ከፍቶ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አወረደ፣ አነሳ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። የተሰለፉትን ማብሪያዎች አይቶ፣ "ማነው እንዲህ ያሰለፋቸው? ትምህርት ቤት ይመስላሉ" አለ። ሙገሳ ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ፈረመ። ሁለት ቀን ሲቀረን! ለጋሼ ስደውልለት፣ "ጀግና ነሽ" አለኝ። ሲለኝ ሰምቼ አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ውስጥ ትንሽ አለቀስኩ፤ አዲሱን ሶኬት እንዳላረጥበው ፊቴን አዙሬ።

ሐሙስ፣ በ17

መብራት ተለቀቀ። ሲስተር መጣች፣ እንደርስበታለን ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፣ አባዬን ወንበሩ ላይ አስቀምጠን በአንድ ጊዜ አበራን። ቤቱ ከሕልም እንደ ነቃ ሰው ደነገጠ። ሁሉ ነገር ጥግ አወጣ። አባዬ ዓይኑን በእጁ ከለለ፣ ነጩን የፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው፣ "ደህና ሆቴል ነው" አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም፤ ቀልደኛ በራሱ ቀልድ አይስቅም።

ማታ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ የግራውን ግድግዳ በመዳፉ ሲዳብስ አየሁት። ልስኑን እየመረመረ ነው። የባለሙያ እጅ።

ቅዳሜ፣ በ19

አባዬ ሌሊት መታጠቢያ ቤቱን አጣው። ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆሟል። ፒጃማውን ለወጥኩለት። አዲስ ቤት ያደናግራል፤ ሰው ሁሉ ይደናገራል።

ሰኞ፣ በ21

አባዬ ወጥቶ ነበር። ሲስተር ወደ ሱቅ ብቅ ባለችበት ሩብ ሰዓት ውስጥ። ሦስት መንገድ ተሻግሮ፣ አንድ የጫማ ጠጋኝ ዘንድ ተቀምጦ ተገኘ። ሻንጣ ይዞ ነበር። ውስጡ ሁለት ሸሚዝ፣ የእማዬ ሹራብ፣ ቢላዋው። ጠጋኙ ወዴት እንደሚሄድ ሲጠይቀው ወደ ቤቴ ብሎታል።

እጁን ይዤ አመጣሁት። በራችን ላይ ስንደርስ አልገባም አለ። አልተቆጣም፤ በጣም በትሕትና፣ ለማያውቃት ሴት እንደሚነገር፣ "የኔ እመቤት፣ ደክሞኛል። ወደ ቤቴ ውሰጂኝ" አለኝ።

እዚህ ቀልድ የምጽፍበት ቦታ ነበር።

ማክሰኞ፣ በ22

ጋሼ መጣ። ተዘጋጅቼለት ነበር፤ ውሉ ውል ነው ልለው። እሱ ቀደመኝ። "ቃሌን አላጥፍም" አለ፤ "ቤቱን አልሸጥም። ግን እሱ ራሱ ውሰዱኝ እያለ ነው። ቤቴ አይደለም እያለ ምን ብዬ ላስቀረው? ሁለቱም የሰው ቤት ከሆነ ሊፍት ያለው ይሻለዋል።" እሑድ ሊወስደው ነው። ሻንጣው ውስጥ የቀሩትን ሁለት ሸሚዞች አውጥቼ ሰቀልኳቸው።

ሲስተር በሩን ይዛ ቆማ ነበር። ስትወጣ ትከሻዬን ያዝ አደረገችና ሄደች።

ረቡዕ፣ በ23

አባዬ እየረሳ ነው። ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ በ24

ትናንት ማታ አልተኛሁም። መብራቱን ሁሉ አጥፍቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ጨለማው እንደ ድሮው ቤቱን አሰፋው። ዓይኔን ጨፍኜ ሳላስብ ወደ አባዬ ክፍል ሄድኩ፣ ገባሁ፣ እጄን ዘረጋሁ። እጄ ወደ ግራ ሄደ። መዳፌ ቀዝቃዛ ልስን ላይ አረፈ።

የኔም እጅ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከበሩ ግራ፣ ከትከሻ ዝቅ ብሎ። ከሁለት ሳምንት በፊት ራሴ ያስደፈንኩት ቦታ። አባዬ ልስኑን አልነበረም የሚመረምረው። ሁልጊዜ ማታ ቤቱን እየጠራው ነበር፤ ቤቱ አልመልስ አለው። ጭንቅላቱ ከከዳው ቆይቷል፤ ይኸው እጁ ይዞት ይኖር ነበር። እኔ መጥቼ ከእጁ ላይ ቤቱን ቀደድኩት፤ ሃያ ስምንት ሜትር ላተርፍ ብዬ። በጣም ብልህ ቅድ ነበር።

በጠዋት እንደርስበታለንን ደውዬ አስመጣሁት። የአባዬን ክፍል፣ የመታጠቢያ ቤቱንና የኮሪደሩን ማብሪያ ወደ ድሮ ቦታቸው መመለስ ስንት ሜትር ይፈልጋል? ሃያ አንድ አለ። የተረፈችን ሁለት ናት። መግዣ የለኝም። አሥራ ዘጠኝ ሜትር ከየት ይመጣል? እንደርስበታለን የልማዱን ሊል አፉን ሲከፍት የራሴን ክፍል አሳየሁት። ወደ አልጋዬ፣ ወደ መስኮቴና ከእግር መኪናዬ በላይ ወዳለው አምፖል የሚሄደው መስመር ልክ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ቅዱን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

"ጨለማ ውስጥ ልትቀመጪ ነው?" አለኝ።

"ለምጄዋለሁ" አልኩት።

ቅዳሜ፣ በ26

ቀኑን ሙሉ ሠራን። ከክፍሌ የተነቀለው ሽቦ ከነመታጠፊያው ወጣ፤ የለበሱት ልብስ ሲፈታ እንደሚሆነው። እንደርስበታለን ልስኑን በስስት ቦረቦረው። ከፍታውን በሜትር ሊለካ ሲል አይሆንም አልኩት፤ አባዬን ጠርተን ዓይንህን ጨፍን፣ መብራት አብራ አልነው። የዘረጋው እጅ ባረፈበት ላይ በእርሳስ ከበብን። ሦስቱም ቦታ እንዲሁ። የሦስተኛውን ክብ ስንሠራ እንደርስበታለን ዛሬ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ተከራከርኩ። "እንደርስበታለን" አለኝ።

እሑድ፣ በ27

ጋሼ አመሻሽ ላይ መጣ፤ ባዶ ሻንጣ ይዞ። ኮሪደሩ ጨልሟል፤ ማብራት አልፈለግኩም። አባዬ ከክፍሉ ወጣ። ሦስታችንም በግማሽ ጨለማ ውስጥ ቆምን።

አባዬ እጁን ወደ ጎን ሰደደ። ዓይኑ አልተከተለውም። ማብሪያው ቀጭ አለ።

መብራቱ ወረደብን። አባዬ አንዴ ሻንጣውን፣ አንዴ ጋሼን አየ። "ምነው ጨለማ ውስጥ ቆማችሁ? ግባ እንጂ ልጄ፤ እንግዳ አደረግከው እንዴ ቤቱን?" አለው።

ልጄ ያለው ልጁ መሆኑን አውቆ ይሁን ሰውን ሁሉ እንደሚለው ይሁን አላውቅም። ጋሼም አላወቀም። ሻንጣውን ግድግዳው ሥር አስቀምጦ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ሻይ ጠጣ። አባዬ ቤቱን አስጎበኘው። መታጠቢያ ቤቱን አብርቶ አሳየው፣ አጠፋው፣ "ሁሉንም ብቻዬን ነው የዘረጋሁት" አለው። ጋሼ፣ "ያምራል አባዬ" አለው። ማታ ሲሄድ ሻንጣውን ባዶውን ይዞ ሄደ። ደረጃ ስለሌለን በሩ ድረስ ብቻ ሸኘሁት፤ እዚያ አንገቴን አቅፎ ቆየ።

ሰኞ፣ በ28

ጋሼ ጠዋት ደወለ። ለሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ ይዟል፤ እሱ ይወስደናል። እሺ አልኩ። ስለ ሽቦ አላወራንም። ሲስተርም ከኛ ጋር ትሄዳለች፤ ማንም አልጠየቃትም።

ክፍሌ ጨለማ ነው። አልጋዬን ወደ በሩ አዙሬያለሁ። የኮሪደሩ መብራት በተከፈተው በር ይገባና ደብተሬ ላይ ቁራጭ ብርሃን ይጥላል፤ የመጋረጃ ዘርፍ ያህል ጠባብ ነው፣ ለአንድ መስመር ግን ይበቃል። በሱ ነው የምጽፈው። መስመር ስጨርስ ደብተሩን ወደ ብርሃኑ እገፋዋለሁ።

አባዬ ወጥቷል። እርምጃው ይሰማኛል። የክፍሌ በር ላይ ደርሶ ቆመ፤ ጥላው ገጹን ሸፈነው። ወደ ውስጥ አየ፤ እኔን አላየኝም፣ ወይም አይቶኝ ማን እንደሆንኩ አላሰበውም። "ሰው በሌለበት ይሄን መብራት ማነው የሚያበራው?" አለ ለራሱ። የቤት ጌታ ቁጣ ነው።

አጠፋው።

አለሁ ልለው እችል ነበር። አላልኩም። ይሄን የምጽፈው ሳላይ ነው፤ ፊደሉ እርስ በርሱ ተደራርቦ ይሆናል። እርምጃው ወደ ክፍሉ ተመለሰ፣ የቀኙን ግድግዳ ሳይነካ፣ የግራውን ሳይነካ። በሩ ተዘጋ። እጁ አንዴም አልዳበሰም።